ናልባንዲያን የሚለው የቤተሰብ ስም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስሙን ከድሮው የኢትዮጵያ መዝሙር ጋር ሰምታችሁ ከየት መጣ ለምትሉ ነው፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ናልባንዲያን ማለት ምን ማለት ነው?

ስሙ ሁለት ክፍል አለው። "ናልባንድ" ማለት የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ ባለሙያ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው "ያን" ደግሞ የአርመኖች ናት፣ የእንትና ቤት፣ የእንትና ልጆች እንደማለት። ሲገጣጠም "የኮቴ ብረት መቺው ቤተሰብ" ይሆናል።

ሥራው ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። መኪና ሳይመጣ በፊት አናቶሊያ (የዛሬዋ ቱርክ) ውስጥ ሰውም ዕቃም የሚጓዘው በጋማ ከብት ነው፣ መንገዱ ደግሞ ድንጋያማ ተራራ ስለሆነ ኮቴው ብረት ያልተመታ እንስሳ ሩቅ አይሄድም፣ ስለዚህ በየከተማው ገበያ ዳርና ነጋዴ የሚያድርበት ቦታ ሁሉ ናልባንድ አይጠፋም ነበር። ሰውየውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ልጆቹም "የናልባንዱ ልጆች" ይባላሉ፣ ከጊዜ በኋላ ያ መጠሪያ ስም ሆኖ ቀረ።

ስሙ የአርመን ከሆነ ቃሉ ለምን የአርመን ቃል አልሆነም?

"ናል" ከአረብኛ የመጣ ነው፣ ጫማ ወይም የኮቴ ብረት ማለት ነው። "ባንድ" የፋርስ ነው፣ የሚያስር ማለት። ፋርሶች አንድ ላይ አድርገው ተጠቀሙበት፣ ከእነሱ ቱርኮች ወስደው "ናልባንት" አሉት፣ አርመኖች ደግሞ በሁለቱ መንግሥታት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመት ስለኖሩ የገበያ ቋንቋቸው ያው የገዢው ቋንቋ ነበር። ቤተክርስቲያን በአርመንኛ እየጸለዩ ገበያ በቱርክኛ የሚሸጡ ነበሩ። የኢትዮጵያዎቹ ናልባንዲያኖች የመጡባት አይንታብ (ዛሬ ጋዚያንቴፕ የምትባለው የቱርክ ከተማ) ውስጥማ ብዙ አርመኖች ቤታቸውም የሚያወሩት ቱርክኛ ነበር።

ለዛ ነው ብዙ የአርመን ስም ሲፈታ የቱርክ ወይ የአረብ ወይ የፋርስ ሙያ የሚወጣው። ተርዚያን ልብስ ሰፊ ነው፣ ደሚርጂያን ብረት ቀጥቃጭ፣ ኩዩምጂያን ወርቅ ሠሪ፣ ኤክመክጂያን ዳቦ ጋጋሪ፣ ናጃሪያን አናጢ። ሁላችሁም የምታውቁት ካርዳሺያን ደግሞ ድንጋይ ጠራቢ ማለት ነው፣ እሱ ግን ከራሱ ከአርመንኛው ነው የመጣው።

"ያን" እኛ እንደምንጠቀምበት የአባት ስም ነው?

አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ኢትዮጵያዊ ይሳሳታል። እኛ ጋር ስም በየትውልዱ ይቀየራል፣ የልጁ ሁለተኛ ስም አባቱ ነው፣ ሦስተኛው አያቱ። አርመኖች ጋር ግን የቤተሰብ ስም ሳይቀየር ይወርዳል። ኬቮርክ ናልባንዲያን (የድሮውን መዝሙር ዜማ የደረሱት) ሲባል ናልባንዲያን የሚባል አባት አለ ማለት አይደለም፣ አባታቸውም አያታቸውም ናልባንዲያን ተብለው ነው የሚጠሩት። አዲስ አበባ ያሉ የድሮ ሰዎች አርመኖችን የሚጠሯቸው በመጀመሪያ ስማቸው ስለሆነ፣ ሙሴ እንትና እያሉ፣ የቤተሰቡ ስም ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀርበት ጊዜም ብዙ ነው።

ድሮ ድሮ እነሱም ጋር ነገሩ እንደኛ ነበር ማለት ይቻላል፣ ቋሚ የቤተሰብ ስም የነበራቸው መሳፍንቱና ትላልቅ ቤቶች ናቸው፣ ተራው ሕዝብ ጋር ስሙ ጠንክሮ የተያዘው መዝገብ እየበዛ ሲሄድ ነው። የድሮው አጻጻፍ "ናልባንድያንትስ" የሚል ረጅም መጨረሻ ነበረው፣ "የናልባንዶቹ ወገን" እንደማለት፣ "ያን" የዛ አጭሩ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት ገባ?

በ1924 ነው የገባው። ራስ ተፈሪ (በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ) ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ቆመው ነበር፣ እዛ በአርመኖቹ ገዳም ውስጥ ወላጆቻቸው በ1915 ኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ ባደረሰው የዘር ማጥፋት ያለቁባቸው ልጆች ይኖሩ ነበር፣ እነዚህ ልጆች የነሐስ ባንድ ነበራቸው። ራስ ተፈሪ ሙዚቃቸውን ሰምተው ወደዱት፣ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። በታሪክ "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ አርመኖቹ ራሳቸው እስካሁን በሌላ ቋንቋ ሲጽፉ እንኳን "አርባ ልጆች" ብለው በአማርኛው ነው የሚጠሯቸው፣ ይሄ እኔን ሁሌ ልቤን ይነካኛል።

ከልጆቹ ጋር እንደ ሙዚቃ መሪና አስተማሪ ሆነው የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው፣ በ1887 አይንታብ የተወለዱ፣ እሳቸውም ከዛው መከራ የተረፉ። ልጆቹ የንጉሣዊው መንግሥት የሙዚቃ ባንድ ሆኑ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባንዱ ቢበተንና ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሀገር ቢሄዱም ኬቮርክ ግን አልሄዱም፣ እዚሁ ኖረው በ1963 ሞቱ። ናልባንዲያን የሚለው ስም ኢትዮጵያ ውስጥ ሥር የያዘው እሳቸው ስለቀሩ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዛ በፊት አርመን ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም እንዴ?

ነበረ እንጂ፣ በደንብ ነበረ። በ1500ዎቹ መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ አርመን ነበር። ሁለቱ ቤተክርስቲያኖች የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉ ስለሆኑ በእምነት ይቀራረባሉ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥም ጎረቤቶች ናቸው፣ ስለዚህ አርመን ነጋዴ ኢትዮጵያ ሲመጣ እንደ ባዕድ አይታይም ነበር። በአፄ ምኒልክ ጊዜ ሐረርና አዲስ አበባ ውስጥ ነጋዴው፣ ወርቅ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው ብዙ ነበር። ናልባንዲያኖች ግን ከነዚህ ቀደምቶች ጋር ሳይሆን ከ1915 በኋላ ከመጣው ማዕበል ጋር ነው የሚቆጠሩት።

ኬቮርክና ነርሰስ ናልባንዲያን አባትና ልጅ ናቸው?

አይደሉም፣ አጎትና የወንድም ልጅ ናቸው። ይሄ ጥያቄ የሚደጋገመው በስማችን አቆጣጠር "ነርሰስ ናልባንዲያን" ሲባል የናልባንዲያን ልጅ ስለሚመስል ይመስለኛል።

ኬቮርክ የሚታወቁት በተለይ በመዝሙሩ ነው። "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ" የሚለውን ዜማ በ1926 ደረሱት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተደረገው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ጊዜ የሀገሪቱ መዝሙር ሆኖ ተሰማ፣ ከዛ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ተማሪው ሁሉ የዘመረው እሱን ነው። እናትና አባቶቻችሁን ጠይቋቸው፣ ዜማውን ሳይሳሳቱ ያንጎራጉሩላችኋል፣ ማን እንደደረሰው ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

ነርሰስ በ1915 አይንታብ ተወለዱ፣ ቤተሰቡ ተሰዶ ሀለብ ሶርያ ገባ፣ እሳቸው እዛ አድገው በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የእሳቸው ሥራ ከአጎታቸው ይለያል፣ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ ከዛ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር) ኦርኬስትራ ውስጥ የሠሩ ናቸው፣ የኛን ቅኝት ሳያበላሹ ለትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ እንዴት እንደሚጻፍ አስበው የሠሩ ሰው። በ1960ዎቹ የሰማነው የአዲስ አበባ ሙዚቃ፣ ያ ሳክስፎንና ትራምፔት የሚደምቅበት፣ በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ነው ያደገው፣ ነርሰስ ያስተማሯቸው ሙዚቀኞችም በየባንዱ ነበሩ። በ1977 አረፉ። ስማቸው ከድምፃውያኑ ስም ጋር እኩል አለመነሳቱ ትክክል አይመስለኝም፣ ዘፈን ሲታወስ ዘፋኙ ብቻ ነው የሚታወሰው፣ ኖታውን የጻፈው ሰው ይረሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ናልባንዲያን አለ?

ናልባንዲያን ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሌም የአንድ ቤተሰብ ዙሪያ ስም ነው፣ በቀበሌ መዝገብ ላይ ተበትኖ የሚገኝ ስም ሆኖ አያውቅም። ቁጥሩን ለመገመት የሚረዳው የጠቅላላው አርመን ማኅበረሰብ ቁጥር ነው፣ በ1960ዎቹ በብዛቱ ጊዜ ወደ 1,200 ሰው ገደማ ነበር፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የቀረው ወደ 100 ሰው አካባቢ ነው የሚባለው። ከ100 ሰው ውስጥ አንድ የቤተሰብ ስም ስንት ሰው ሊይዝ እንደሚችል አስቡት።

የተበተኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካና ድርጅቶችን ወረሰ፣ በዛው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ አርመኖቹ ደግሞ አብዛኛው በንግድና በእጅ ሙያ የሚኖሩ ስለሆኑ ሱቁም ቤቱም አብሮ ሄደ። ከዛ በኋላ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውሮፓ ሄዱ። የቀሩት ዛሬም ፒያሳ አካባቢ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተክርስቲያን፣ ትምህርት ቤታቸውና ክበባቸው አላቸው። ከሄዱት መሃል እንጀራ እየጋገረ፣ አማርኛ እያወራ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚኖር አለ፣ እዛ ሌላው አርመን "ኢትዮጵያዊው" ይለዋል።

በዓለም ላይስ የት የት ይገኛል?

ዋናው አርመንያ ነው፣ እዛ ስሙ የታወቀ ነው፣ ግን እንደ ግሪጎርያን፣ ሳርግስያን ወይም ሀሩትዩንያን በየመንደሩ የሚሞላ አይደለም። ይሄ የሆነበት ምክንያት አለው፣ ግሪጎር ወይም ሳርግስ የሚባል አያት በየቤቱ አለ፣ ኮቴ ብረት መቺ ግን በአንድ አካባቢ አንድ ወይ ሁለት ነው።

ከአርመንያ ውጪ ሩስያ (በተለይ ደቡቡ)፣ ጆርጂያ፣ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ሊባኖስ፣ ሶርያ፣ ኢራንና አርጀንቲና ውስጥ ታገኙታላችሁ። የዚህ ካርታ ቅርጽ በአብዛኛው የ1915 ስደት ካርታ ነው፣ ከአናቶሊያ የወጣው ሰው መጀመሪያ ሀለብና ቤይሩት ገባ፣ ከዛ በመርከብ ወደ ማርሴይ፣ ወደ ቦነስ አይረስ፣ ወደ አሜሪካ ሄደ። የሩስያው ግን ከዛ በጣም የቀደመ ነው፣ በ1779 ከክሪሚያ የተወሰዱ አርመኖች ዶን ወንዝ አጠገብ ኖር ናኺቼቫን የምትባል ከተማ መሥርተው ነበር፣ ዛሬ የሮስቶቭ ከተማ ክፍል ናት፣ እዛም ናልባንዲያኖች ነበሩ።

ቴኒስ ተጫዋቹ ዴቪድ ናልባንዲያን የኛዎቹ ዘመድ ነው?

ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ዘመድ ናቸው ማለት አይቻልም። ዴቪድ በ1982 አርጀንቲና ኮርዶባ ክፍለ ሀገር ኡንኪዮ የምትባል ከተማ ነው የተወለደው፣ አያቱ አርመን ናቸው። በ2002 ዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰ፣ በ2005 ደግሞ ሻንጋይ ላይ ፌደረርን አሸንፎ የዓመቱን መዝጊያ ማስተርስ ዋንጫ ወሰደ፣ ለብዙ የዓለም ሰው ስሙን ያስተዋወቀው እሱ ነው።

የሙያ ስም ከአንድ አያት አይመጣም። አይንታብ ውስጥ አንድ ናልባንድ ነበረ፣ ኤርዙሩም ሌላ፣ ተብሊሲ ሌላ፣ ክሪሚያ ሌላ፣ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ስሙን ይዞ ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጥቃጭ የሆነ ሁሉ ዘመድ እንዳልሆነው ማለት ነው። ዝምድና የሚረጋገጠው ከተማውን፣ ከዛ የአያቱን ስም፣ ከዛ መዝገቡን ይዞ ነው።

ሌሎች የታወቁ ናልባንዲያኖች እነማን ናቸው?

የመጀመሪያው ሚካኤል ናልባንዲያን ነው፣ ገጣሚና ለአርመን ነፃነት የጻፈ ሰው፣ በ1829 ከላይ ባልኩት ኖር ናኺቼቫን ተወልዶ የሩስያ ንጉሥ መንግሥት አስሮ አግዞት በ1866 በወጣትነቱ ሞተ። ስለ አንዲት ጣልያናዊት ልጅ የጻፈው ግጥም ተለውጦ የአርመንያ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፣ በ1918 በመጀመሪያዋ ሪፐብሊክ፣ ከዛ ሶቭየት ስትፈርስ እንደገና፣ ዛሬም የሚዘመረው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት፣ አንዱ ናልባንዲያን ለአርመንያ መዝሙር ግጥም ሰጠ፣ ሌላው ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ ሰጠ፣ የተወለዱበት ቦታ ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃል። ስለዚህ ስም ሳወራ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ከነሱ ሌላ ሠዓሊው ድሚትሪ ናልባንዲያን (1906–1993) ተብሊሲ የተወለደ፣ የሶቭየት መሪዎችን በመሳል የታወቀ ነው። ሱሬን ናልባንዲያን በ1976 ሞንትሪያል ኦሎምፒክ በትግል ወርቅ አምጥቷል። ኤድዋርድ ናልባንዲያን ከ2008 እስከ 2018 የአርመንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር።

ለምን በተለያየ መንገድ ይጻፋል?

አርመንኛ ሁለት ትልልቅ ወገን ስላለው ነው። ከአናቶሊያ የወጡት የሚናገሩት ምዕራባዊ ይባላል፣ የአርመንያና የኢራኖቹ ምሥራቃዊ። ድምፁ ይለያያል፣ ምዕራቡ "ኬቮርክ" የሚለውን ምሥራቁ "ጌቮርግ" ይለዋል፣ ሁለቱም እኛ ጊዮርጊስ የምንለው ስም ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ስደተኞቹ መጨረሻውን በአብዛኛው በአይ (-ian) ይጽፉታል፣ የአርመንያ ሰዎች በዋይ (-yan)። አማርኛ ላይ ደግሞ ናልባንዲያን፣ ናልባንድያን፣ ናልቫንዲያን፣ ከቮርክ፣ ኬቦርክ፣ ጌዎርግ ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የጻፈው። የድሮ ጋዜጣ ወይም ሰነድ የምትፈልጉ ከሆነ ሁሉንም ሞክሩ፣ አንዱን ብቻ ፈልጋችሁ የለም ብላችሁ እንዳትመለሱ።

ናልባንቶግሉ፣ ናልባንት፣ ናልባንቶቭ የሚሉትስ ያው ናቸው?

ቃሉ ያው ነው፣ ሰዎቹ ግን የግድ አንድ አይደሉም። ናልባንቶግሉ ቱርክ ውስጥ "የናልባንዱ ልጅ" ማለት ነው፣ አብዛኛው ባለ ስም ሙስሊም ቱርክ ነው፣ ምክንያቱም ኮቴ ብረት መምታት የአርመን ብቻ ሥራ አልነበረም። ቡልጋርያ ውስጥ ናልባንቶቭ፣ ግሪክ ውስጥ ናልባንቲስ አለ፣ ኦቶማን የገዛው ሀገር ሁሉ ቃሉን ትቶበት ሄዷል። ሩስያ ውስጥ ናልባንዶቭ ካያችሁ ግን አርመን የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፣ "ያን" ወድቆ የሩስያው "ኦቭ" የገባበት ነው።

ከባዱ ነገር ቱርክ ውስጥ ያለው ነው። በ1934 የወጣው የቤተሰብ ስም ሕግ ሁሉም ዜጋ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አዘዘ፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ደግሞ አዲስ ስም ሲወሰድ "ያን"ን ጨምሮ የሌላ ብሔር ናቸው የተባሉ መጨረሻዎችን ከለከለ። "ያን"ን እንደያዙ የቀሩ አሉ፣ ቆርጠው ናልባንት ብቻ ያሉ አሉ፣ "ኦግሉ" የጨመሩም አሉ። ስለዚህ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናልባንት የሚባል ሰው ቅድመ አያቱ አርመን ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ከስሙ ብቻ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፣ ከነገራችሁም አትመኑት።

አርመንያ ውስጥ ናልባንድ የሚባል መንደር አለ፣ የቤተሰቡ ሀገር እሱ ነው?

መንደሩ አለ፣ ዛሬ ሺራካሙት ይባላል፣ የታወቀውም ታኅሣሥ 7 ቀን 1988 በፈረንጅ አቆጣጠር የደረሰው የስፒታክ የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻው እሱ አጠገብ ስለነበር ነው፣ ቢያንስ 25,000 ሰው የሞተበት። የኢትዮጵያዎቹ ናልባንዲያኖች ግን የመጡት ከአይንታብ ስለሆነ ከዚህ መንደር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በአርመን ስም ውስጥ ከቦታ የሚመጣም አለ፣ ለምሳሌ በሄስኒሊያን በሄስኒ ከምትባል ከተማ የመጣ ማለት ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም የታወቀ የነጋዴ ቤት ስም ነበር። ናልባንዲያን ግን ከሙያ ነው።

የሌሎቹ የኢትዮጵያ አርመኖች ስምስ እንዲሁ ሙያ ነው?

ብዙው አዎ። የድሮ አዲስ አበባን ታሪክ የሚያውቅ ሰው "የሰርኪስ ባቡር"ን ያውቃል፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው መንገድ የሚዳምጠው የእንፋሎት ተሽከርካሪ፣ ያስመጣው ሰርኪስ ተርዚያን ነው፣ ተርዚያን ደግሞ የልብስ ሰፊው ቤት ነው። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን ነበሩ፣ ቦያጂያን ቀለም የሚነክረው ወይም የሚቀባው ቤት ማለት ነው፣ ልጆቻቸውም ፎቶ አንሺ ሆኑ። ስማችሁ ውስጥ "ደር" የሚል መጀመሪያ ካለ፣ ደር ምናምንያን፣ ከቅድመ አያቶች አንዱ ቄስ ነበረ ማለት ነው።

ቤታችን ውስጥ አርመን ቅድመ አያት አለ ይባላል፣ ግን "ያን" የሚል ስም የለንም፣ እንዴት ሊሆን ይችላል?

በጣም ይቻላል፣ የስሙ ቁጥርና የዘሩ ቁጥር አንድ አይደለም። አርመኑ ከኢትዮጵያዊት ወልዶ ልጁ በኛ ሥርዓት ከተመዘገበ የቤተሰቡ ስም በአንድ ትውልድ ይጠፋል። ለምሳሌ አባትየው ሀጎፕ እንትንያን ከሆነ ልጁ ዳንኤል ሀጎፕ ይባላል፣ የልጅ ልጁ ደግሞ ሳሙኤል ዳንኤል፣ በቃ፣ ሦስተኛው ላይ ምንም ምልክት የለም። በሴት ልጅ በኩል ከሆነማ ወዲያው ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ከ"ያን" ይልቅ የአርመን የመጀመሪያ ስሞችን በአያት ቦታ ላይ ፈልጉ፦ ሀጎፕ (ያዕቆብ)፣ ቦጎስ (ጳውሎስ)፣ ቤድሮስ (ጴጥሮስ)፣ ክሪኮር (ጎርጎርዮስ)፣ ሆቫኔስ (ዮሐንስ)፣ ጋራቤድ፣ ሰርኪስ፣ ቫርታን፣ ሀይካዝ። አንዳንዱ ደግሞ ወደ አማርኛው ተመልሶ ይጻፋል፣ ክሪኮር ጎርጎርዮስ ተብሎ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ይከብዳል።

ከዛ የቤቱን ሽማግሌዎች ሳይረፍድ ጠይቁ፣ ስሙን ብቻ አትጠይቁ፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ሱቁ የት ነበር፣ ማን ክርስትና አነሳው፣ የት ተቀበረ ብላችሁ ጠይቁ። የአርመን አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ የመያዝ ልማድ አላቸው፣ ዓመትና የመጀመሪያ ስም ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፒያሳ ያለው ቤተክርስቲያን ጋር መጠየቅ ይቻላል፣ በትሕትና ጠይቁ፣ የቀሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው ሥራቸውም ብዙ ነው። የዘረመል ምርመራ ያደረጋችሁ ደግሞ ውጤቱ ላይ አናቶሊያ ወይም ካውካሰስ የሚል ቢመጣ መንገዱን ያሳያችኋል እንጂ የቤተሰቡን ስም አይነግራችሁም።

ታዲያ ናልባንዲያኖች ኢትዮጵያዊ ናቸው ወይስ አርመን?

ሁለቱንም ናቸው፣ አንዱን ለመምረጥ የሚያስገድድ ነገር አይታየኝም። ኬቮርክ ሀገር አልባ ሆነው መጥተው ለሀገር መዝሙር የደረሱ ሰው ናቸው፣ ነርሰስ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ውስጥ ሲያስተምሩ ኖረው እዚሁ ሞቱ። በነሱ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተወለደ አርመን ዜግነት በራሱ የሚመጣ አልነበረም፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸው የተባረሩበት ሀገር ወረቀት እንኳን ሳይኖራቸው ነው የኖሩት። "ፈረንጅ ነው የደረሰው" እያሉ መዝሙሩን የሚያጣጥሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ የምመልሰው ይሄንኑ ነው፣ ሰውየው 39 ዓመት እዚህ ኖረዋል፣ እዚህ ነው የሞቱት፣ ስሙም ከዛ ወዲህ ከአይንታብ ይልቅ ከአዲስ አበባ ጋር ነው የሚያያዘው።